ተአምር ሳይሆን የፈሪዎች ስጦታ

የዚህ ገጽ አንባቢ በአብዛኛው የኳስ ሰው ነው። በረዶ ላይ በብረት ጫማ እየተንሸራተቱ ጥቁር ክብ ጎማ በዱላ ስለሚያሳድዱ ሰዎች ብንጽፍለት "ደግሞ ይሄ ከየት መጣ?" ማለቱ አይቀርም። አይፈረድበትም። ግን እስቲ ለዛሬ ታገሱን። ጉዳዩ ከበረዶው ይልቅ እኛ በየሳምንቱ ከምንጨቃጨቅበት ነገር ጋር የሚገናኝ ነው። አሰልጣኝ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያደረቀው ተጫዋች እውነት አይችልም? ወይስ የያዙት ሰዎች አላወቁበትም?

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ እ.ኤ.አ. በ2017/18 የውድድር ዘመን አንድ አዲስ ቡድን ብቅ አለ። ቬጋስ ጎልደን ናይትስ ይባላል፤ በእኛ አፍ "ወርቃማዎቹ ፈረሰኞች" ብንለው ያስኬዳል። (የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ስማችንን ተነጠቅን እንዳይሉን እንጂ!) ውድድሩ ከመጀመሩ ከአንድ ዓመት በፊት ይህ ቡድን ተጫዋች አልነበረውም፤ አሰልጣኝ አልነበረውም፤ ስም እንኳ ገና አልወጣለትም። ከተማው ላስ ቬጋስ ነው፤ በረሃ መሐል። ከዚያ በፊት ከአሜሪካ አራቱ ታላላቅ የስፖርት ሊጎች የአንዱም ቡድን እዚያ ኖሮ አያውቅም። አቋማሪ ቤቶች ይህ ቡድን ዋንጫውን ይወስዳል ብሎ ለሚደፍር ሰው 500 ለ 1 ሰጥተው ነበር።

ቡድኑ ከ82 ጨዋታዎች 51ዱን አሸነፈ። በ109 ነጥብ የፓሲፊክ ምድብን በአንደኝነት ጨረሰ። ከዚያም ለስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ።

ጋዜጦች "ተአምር" አሉት። ፊልም የመሰለ ታሪክ ነው ተባለ። እኛ ግን በቃሉ አንስማማም። ተአምር ካልነው ማንም አልተሳሳተም ማለት ነው። እዚህ ውስጥ ግን የተሳሳቱ ሰዎች ነበሩ፤ በርከት ያሉ፣ ደመወዛቸውም ዳጎስ ያለ።

በመጀመሪያ ስለ አገባቡ እንነጋገር። በኳስ ዓለም ከታች ያደገ ቡድን መጥቶ ዋንጫ ሲያነሳ አይተናል። ኖቲንግሃም ፎረስት በ1978፣ ካይዘርስላውተርን በ1998 አድርገውታል። እነሱ ግን በእግራቸው ነው ያደጉት። በአሜሪካ ማደግ መውረድ ብሎ ነገር የለም። በሩ የሚከፈተው በገንዘብ ነው። የቬጋሱ ባለቤት ቢል ፎሊ ለመግቢያ ብቻ 500 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በ2000 ኮሎምበስና ሚኒሶታ ሲገቡ እያንዳንዳቸው የከፈሉት 80 ሚሊዮን ነበር። ያን 500 ሚሊዮን 30ዎቹ ነባር ክለቦች ተከፋፈሉት፤ ለያንዳንዳቸው ወደ 16.7 ሚሊዮን ደረሳቸው። ስለዚህ "ታሪኩ በገንዘብ የተገዛ ነው" የሚል ካለ፣ ልክ ላይፕዚግን እንደሚጠሉት ሰዎች፣ ስሜቱ ይገባናል። በሩ ተገዝቷል። ከበሩ በኋላ የሆነው ግን በሌላ መንገድ የሆነ ነው።

ክለቦቹ ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ተጫዋች መስጠት ነበረባቸው። ሕጉ ይህን ይላል፦ ሰባት አጥቂ፣ ሦስት ተከላካይና አንድ በረኛ "አይነኩብኝም" ብለህ ትከልላለህ። ወይም በረኛውን ጨምሮ ዘጠኝ ብቻ ትከልላለህ። ከቀረው ውስጥ ቬጋስ አንዱን ያነሳል። በ2000 በተደረገው ተመሳሳይ ምርጫ አንድ ክለብ እስከ 15 ተጫዋች መደበቅ ይችል ነበር። አሁን አጥሩ ጠበበ፤ 500 ሚሊዮን የከፈለ ሰው ባዶ ሳጥን ይዞ እንዲሄድ አልተፈለገም።

ይህ ብቻ ቢሆን ቡድኑ ደህና ሆኖ መሐል ላይ ይጨርስ ነበር። ትልቁን ሥራ የሠራው የክለቦቹ ድንጋጤ ነው። "እባክህ ያንን ሳይሆን ይሄንን ውሰድልኝ፤ ከፈለግህ ሌላም እጨምርልሃለሁ" ማለት ጀመሩ። የቬጋሱ ጄኔራል ማናጀር ጆርጅ ማክፊ ስልኩን እያነሳ ዝም ብሎ ይሰበስብ ነበር።

ፍሎሪዳን ተመልከቱ። ዮናታን ማርሸሶ በዚያው ዓመት ለፍሎሪዳ 30 ጎል ያገባ ሰው ነው፤ ደመወዙም ከሚሊዮን በታች። አልከለሉትም። ጭራሽ ራይሊ ስሚዝ የሚባለውን ውድ ኮንትራት ያለውን አጥቂ አብረው ሰጡ፤ ቬጋስ የከፈለው አንድ የአራተኛ ዙር የታዳጊ ምርጫ ብቻ ነው። ሚኒሶታ ኤሪክ ሃውላ እንዲወሰድለት አሌክስ ታክን መረቀ። አናሃይም ሼይ ቴዎዶርን ሰጠ። ፒትስበርግ ሦስት ዋንጫ ያነሳውን በረኛ ማርክ አንድሬ ፍሉሪን አሳልፎ ሰጠ፤ እንዲወሰድለትም ጭማሪ ከፈለ! ኳስ ተመልካች ሆይ፣ አንድ ክለብ ቡፎንን "ውሰዱልኝ፣ ገንዘብም እጨምራለሁ" ሲል ታስቡታላችሁ?

የሁሉም ቁንጮ ግን ኮሎምበስ ነው። ዊልያም ካርልሰን የሚባል ስዊድናዊ ነበራቸው። በሁለት የውድድር ዘመን በጠቅላላው 15 ጎል ያገባ፣ በጨዋታ 13 ደቂቃ ገደማ የሚሰጠው ልጅ። ኮሎምበስ ሌሎች ተጫዋቾቹን ለማዳንና አንድ የከበደ ኮንትራት ከጫንቃው ለማውረድ ካርልሰንን ከአንደኛ ዙርና ከሁለተኛ ዙር ምርጫ ጋር አስይዞ ላከው። ካርልሰን በቬጋስ ማሊያ በመጀመሪያ ዓመቱ 43 ጎል አገባ። አርባ ሦስት!

ምን ተለወጠ? ደቂቃው ነዋ። ከ13 ደቂቃ ወደ 19 ደቂቃ ገደማ ከፍ አለ፤ በግራና በቀኙ ፍሎሪዳ የጣላቸው ማርሸሶና ስሚዝ ተሰለፉለት። አሰልጣኙ ጄራርድ ጋላንት ሦስቱን አንድ ላይ አደረጋቸውና አልነካካቸውም። ዕድልም ነበረበት፤ አንክድም። ካርልሰን በዚያ ዓመት ከመታው ሩብ የሚጠጋው መረብ ውስጥ ገብቷል፤ ይህ ማንም ላይ የሚዘልቅ ነገር አይደለም። በቀጣዩ ዓመት 24 ላይ ቆመ። ግን 24ም ቢሆን ኮሎምበስ በሁለት ዓመት ካየው ይበልጣል።

ሆኪን ለማያውቅ አንድ ነገር እንንገር፤ ለክርክራችን ይጠቅማል። እዚያ አጥቂ 60 ደቂቃ አይጫወትም። ከአንድ ደቂቃ በታች ሮጦ ይወጣል፤ ሌላው መስመር ይገባል። አራት የአጥቂ መስመር እየተፈራረቀ ነው ጨዋታው የሚያልቀው። ስለዚህ አንድ ሜሲ ያለው ቡድን ሜሲ በሌለበት ሁለት ሦስተኛው ሰዓት ይሰቃያል። ቬጋስ ሜሲ አልነበረውም። የነበረው ከ30 ክለብ የተለቀመ፣ በየቤቱ ሁለተኛና ሦስተኛ ይባል የነበረ ሰው ነው። አራቱም መስመር እኩል ይሮጣል፤ ኋላ ደግሞ ፍሉሪ አለ። ሕጉ ሳያስበው ለዚህ ስፖርት ልክ የሆነ ቡድን ሠርቶ ሰጠ። በእኛ ኳስ ይህ ዘዴ ይሠራል ብለን አንምልም።

ጋላንትም ራሱ የተጣለ ነው። በኅዳር 2016 ፍሎሪዳ ከሜዳው ውጪ ተሸንፎ ሲወጣ እዚያው ከተማ አሰናበተው፤ ሻንጣውን ይዞ ከአዳራሹ ደጅ ታክሲ ሲጠብቅ የተነሳው ፎቶ መላ አሜሪካን ዞሯል። ማክፊን ደግሞ ዋሽንግተን በ2014 ሸኝቶታል። ተጫዋቾቹ ራሳቸውን "ቦታ ያጣን" እያሉ ይጠሩ የነበረው በቀልድ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ጥቅምት 1 ቀን 2017 መጣ (እንደ ፈረንጆቹ ነው)። የመጀመሪያው ጨዋታ አምስት ቀን ሲቀረው አንድ ሰው ከሆቴል መስኮት ሆኖ በሙዚቃ ድግስ ላይ በነበረ ሕዝብ ላይ ተኮሰ። በወቅቱ 58 ሰው ሞተ ተባለ፤ በኋላ ቁጥሩ 60 ደረሰ። በዚያ ጎዳና በታክሲና በሆቴል ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ሌሊቱ ለእነሱም ሌሊት አልነበረም።

ጥቅምት 10 በሜዳቸው የመጀመሪያውን ጨዋታ ሲያደርጉ በአጥሩ ዙሪያ ማስታወቂያ አልነበረም። ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ የገቡት ከነፍስ አድን ሠራተኞችና ከፖሊሶች ጋር ነው። 58 ሰከንድ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ዴሪክ ኢንግላንድ ማይክሮፎን ያዘ። ይህ ሰው ኮከብ አይደለም፤ ዕድሜው የገፋ ተከላካይ ነው። በወጣትነቱ በላስ ቬጋስ በታችኛው ሊግ ተጫውቷል፤ ሚስቱን ያገኘው እዚያው ነው፤ ቤቱም እዚያው ነው። አጭር ንግግር አደረገ፤ ቤተሰቦቻቸውን ያጡትን አንረሳችሁም አላቸው። ጨዋታው ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አራት ጎል ገባ፤ አንዱን ያገባው ራሱ ኢንግላንድ ነው። አሪዞና 5 ለ 2 ተሸነፈ። እዚህ ላይ ስለ ሕግና ስለ ማናጀር የምንለው የለንም። በዚያ ሌሊት ቡድኑ የከተማው ሆነ፤ በቃ። በመጋቢት መጨረሻ 58 ቁጥር ማሊያ ማንም እንዳይለብሰው ተሰቀለ።

ከዚያ በኋላም መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ፍሉሪ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወጣ፤ ተተኪው ተጎዳ፤ የተተኪው ተተኪም ተጎዳ፤ ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ ነው። በአጠቃላይ አምስት በረኞች ተሰለፉ፤ አምስተኛው ለዘጠኝ ደቂቃ ያህል የገባ የ19 ዓመት ልጅ ነው። ቡድኑ ግን ማሸነፉን አላቆመም። ተአምር ባዮች ይህን ሲሰሙ "አየህ!" ይላሉ። እኛ የምናየው ከፊት ያሉት ተሰላፊዎች ምን ያህል እንደሚሮጡ ነው።

በጥሎ ማለፉ ሎስ አንጀለስን 4 ለ 0 ሸኙት፤ በአራት ጨዋታ የገባባቸው ሦስት ጎል ብቻ ነው። ሳንሆዜን 4 ለ 2፣ ዊኒፔግን 4 ለ 1። ፍጻሜው ላይ ማን ጠበቃቸው? ማክፊን ያባረረው ዋሽንግተን፤ ማክፊ ራሱ በ2004 የመረጠውን ኦቬችኪንን ይዞ። ቬጋስ የመጀመሪያውን 6 ለ 4 አሸነፈ። በሁለተኛው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ታክ የመታውን የዋሽንግተኑ በረኛ ሆልትቢ ተዘርሮ በዱላው አወጣው። እሱ ቢገባ ኖሮ እንል ይሆናል፤ አልገባም። ዋሽንግተን አራት ተከታታይ አሸንፎ ሰኔ 7 ቀን 2018 በቬጋሶች ሜዳ ዋንጫውን አነሳ። ይኸው ዋሽንግተን በ1974/75 አዲስ ገቢ ሆኖ ከ80 ጨዋታ ያሸነፈው 8 ብቻ ነበር። 43 ዓመት ጠብቆ ነው የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘው። የኦቬችኪን ደስታ ለእኛም ደስ አለን፤ ምን ይደረጋል።

ነባሮቹ ክለቦች ከዚህ ተምረዋል። በ2021 ሲያትል በተመሳሳይ ሕግ ገባ፤ ያውም 650 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ። በዚህ ጊዜ ማንም አልደነገጠም፤ ስጦታ የሚያሸክም አልተገኘም። ሲያትል በ60 ነጥብ የምድቡ መጨረሻ ሆኖ ጨረሰ። ያው ሕግ፣ ያው ዝርዝር፣ ፍርሃቱ ብቻ ሲቀነስ።

ቬጋስንም ግን እንዲሁ አናልፈውም። ከተጣሉት የተሠራው ክለብ እሱም መጣል ለመደ። ጋላንት የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሎ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በጥር 2020 ተሰናበተ። ፍሉሪ በ2021 የሊጉ ምርጥ በረኛ ተብሎ ሽልማቱን ከተቀበለ ከአንድ ወር በኋላ ወደ ቺካጎ ተላከ፤ በምትኩ የመጣ የሚጠቀስ ሰው የለም፤ ደመወዙን ለማቅለል ነው። የሂሳብ ምክንያት ይኖራቸዋል። ያው ኮሎምበስም ፍሎሪዳም የሂሳብ ምክንያት ነበራቸው።

ፎሊ በስድስት ዓመት ዋንጫ አመጣለሁ ብሎ ነበር፤ በስድስተኛው ዓመት፣ በ2023፣ አመጣ። በፍጻሜው የተሸነፈው ፍሎሪዳ ነው፤ በመጨረሻው ጨዋታ 9 ለ 3። ከመጀመሪያው ቡድን ስድስት ሰዎች አሁንም ነበሩ፤ ካርልሰን፣ ስሚዝ፣ ቴዎዶር፣ ማክናብ፣ ካሪየርና ማርሸሶ። የጥሎ ማለፉ ኮከብ ተጫዋች የተባለውም ፍሎሪዳ በ30 ጎሉ የለቀቀው ማርሸሶ ነው። ፍሉሪ ያን ጊዜ የሚኒሶታ በረኛ ነበር።