ማሰሪያ አንቀጹ የላላ ዕቅድ

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አበው። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሩቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። መምህራን በየዕለቱ በትምህርት ዕቅዳቸው ላይ ስለሚያሰፍሯት፣ «በዚህ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ተማሪዎች...» ብላ ስለምትጀምር አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። «ይህ የመምህራን ማሠልጠኛ ጉዳይ እንጂ የእኛ ምን ዕዳ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። የቃል ጉዳይ ነውና የእኛም ዕዳ ነው እላለሁ። በአገራችን በየቀኑ ከሚጻፉት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ የዚህችን ያህል በብዛት፣ የዚህችንም ያህል በግዴለሽነት የሚጻፍ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከዓመታት በፊት በዋሂል አማርኛ አስተምር ነበር። ዋሂል በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች፣ ከከተማው ወጣ ብላ የምትገኝ የገጠር ቀበሌ ናት። ሙቀቱ የበረታ፣ ዝናቡ የሚሳሳ፣ ኑሮው በማሽላና በከብት ላይ የቆመ አገር ነው። ተማሪዎቼ በቤታቸው የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ነበር፤ አማርኛን የሚያገኙት በእኔ ክፍለ ጊዜ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ነው። የዕለቱ ምንባብ ስለ ውኃ ነበርና በዕቅዴ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «በዚህ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ተማሪዎች የውኃን ጥቅም ይረዳሉ።»

ዕቅዴን የተመለከቱልኝ በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡኝ መምህር ነበሩ። አንብበው ሲያበቁ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይቺ ከፊት የምትቀመጠው ልጅ ዛሬ ጠዋት ከየት ነው የመጣችው?»

«ከቤቷ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ወደ ቤቷስ ከየት ገባች?»

ዝም አልሁ። ልጅቷ ገና ጎህ ሲቀድ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ወርዳ፣ ውኃ ቀድታ፣ ለእናቷ አድርሳ ነው ወደ ክፍል የመጣችው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

«እንግዲህ የውኃን ጥቅም አንተ ነህ ለእሷ የምታስረዳት፣ ወይስ እሷ ናት ለአንተ?» አሉኝና ዕቅዱን መለሱልኝ።

እዚያው ቀድጄ ጣልሁት ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሰዓቱ ደርሶ ነበርና እንዳለ ይዤው ገባሁ። አነበብሁ፤ አብራራሁ፤ «ገባችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። «አዎ!» አሉኝ በአንድ ድምፅ። የውኃ ጥቅምማ እኔ ከመምጣቴ በፊት ገብቷቸዋል። ያልገባቸው አማርኛው ነበር። ያን ዕለት አንዲት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ የተናገረ ልጅ አልነበረም። እኔ ግን ከዕቅዱ ግርጌ «ዓላማው ተሳክቷል» ብዬ ፈረምሁ። ውሸት አልጻፍሁም። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያውም ልትወድቅ በማትችልበት መንገድ የተጻፈች ነበረች።

ማታ በፋኖስ ብርሃን እንደገና ጻፍኋት፦ «ተማሪዎች ከምንባቡ የወጡ አምስት ቃላትን ተጠቅመው፣ ጠዋት ውኃ እንዴት እንደቀዱ በሦስት የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች ለጓደኛቸው ይናገራሉ።» ውበት የላትም፤ ረዘም ትላለች። በማግስቱ ግን ክፍል ስገባ ምን እንደምሰማ ዐውቅ ነበር። በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወርሁ ጆሮዬን ጣልሁ። ሦስቱንም ዓረፍተ ነገር የተናገሩ ነበሩ፤ በአንዱ የቆሙ ነበሩ፤ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ድምፅ ያልወጣቸውም ነበሩ። ከሁሉ የበለጠው ትርፌ እነዚያን ዝም ያሉትን ማወቄ ነው። ከአንድ ቀን በፊት እነሱም «አዎ!» ብለውኝ ነበርና።

ወደ ሰዋስው እንመለስ። የቀደሙት ሊቃውንት ዓረፍተ ነገርን የሚቋጨውን ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይሉታል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው፤ ተናጋሪው የቱንም ያህል ቢያስረዝም ማሰሪያው እስኪመጣ ድረስ ሰሚው ፍርዱን ይዞ ይጠብቃል። የትምህርት ዓላማም እንዲሁ ነው። ተማሪውም፣ ይዘቱም፣ ክፍለ ጊዜውም ተሰልፈው ማሰሪያቸውን ይጠብቃሉ። እኛ ግን በመጨረሻ «ያውቃሉ»፣ «ይገነዘባሉ»፣ «ይረዳሉ» እንላለን። ማሰሪያው ላልቶ ነዶው ይበተናል።

«ይረዳሉ» የምትለዋን እስቲ እንመልከታት። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ በወረቀት ላይ ያለችው ቃል ኅብረ ቃል ናት፦ «ነገሩ ይገባቸዋል» ልትል ትችላለች፤ «ሰውን ያግዛሉ» ልትልም ትችላለች፤ «እርዳታ ይደረግላቸዋል» ተብላም ትነበባለች። ለቅኔ እሰየው ነው። ለዕቅድ ግን ሦስት ፍቺ ያለው ግስ ምንም ፍቺ እንደሌለው ነው። በመጀመሪያው ፍቺ ብንወስዳት እንኳ መረዳት በሰው ልብ ውስጥ የሚሆን ነገር ነው፤ በዓይን አይታይም፣ በጆሮ አይሰማም። የሚታየውና የሚሰማው ተማሪው በመረዳቱ የሚያደርገው ነው፦ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ይለያል፣ ያነጻጽራል፣ ያሰላል፣ ይጠግናል።

ይህን በዓለም ላይ ያሰቡበት ሰዎች አሉ። አሜሪካዊው ሮበርት ሜገር እ.ኤ.አ. በ1962 በዚሁ ጉዳይ ላይ አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አወጣ። ከዓላማ ሦስት ነገር ይጠበቃል ይላል፦ ተማሪው ምን ያደርጋል፣ በምን ሁኔታ ያደርገዋል፣ ምን ያህል አድርጎ ሲገኝ በቃ ይባላል። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1956 ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ የአእምሮን ሥራ ከዕውቀት እስከ ግምገማ በስድስት ደረጃ መድበው ነበር። ይህ አመዳደብ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሻሻል ከተደረጉት ለውጦች አንዱ የደረጃዎቹን ስያሜ ከስም ወደ ግስ መመለስ ነው። «ዕውቀት» የነበረው «ማስታወስ» ሆነ። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይተው ሊቃውንቱ የደረሱበት ነገር የግስ ጉዳይ መሆኑ አይገርምም?

እኛን ግን ይህ አዲስ ሊሆንብን ባልተገባ ነበር። የድሮ ትምህርት ቤቶቻችን የተማሪን እርምጃ የሚገልጹት በጠንካራ ግስ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት «ልጁ ፊደልን ተገነዘበ» አይባልም፤ «ፊደል ቆጠረ» ነው የሚባለው። «የዳዊትን መልእክት ተረዳ» አይባልም፤ «ዳዊት ደገመ» ይባላል። በቅኔ ቤትም ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ የየዕለቱም ማረጋገጫ በመምህሩ ፊት ቆሞ «መቀኘቱ» ነው። በድሬዳዋና በዙሪያዋ ባሉ የቁርአን ቤቶችም ነገሩ ያው ነው። ልጁ አንቀጹን በእንጨት ሰሌዳው ላይ ጽፎ ያጠናል፤ በኡስታዙ ፊት በቃሉ ሲወጣው ሰሌዳው ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። ሁሉን ሲጨርስ «አኸተመ» ይባላል። ያልታጠበ ሰሌዳ ያላለቀ ትምህርት ነው፤ ልጁም፣ አባቱም፣ መምህሩም ያውቁታል። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለትርጓሜ የሚሰጡት ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ መሆኑ፣ በቃል መያዝም መብዛቱ ሊያስተቻቸው ይችላል። ተማሪው ዛሬ የት እንደደረሰ ባለማወቅ ግን ማንም አይወቅሳቸውም።

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ለገሃር ቆሞ ቲኬት የቆረጠ መንገደኛ በእጁ የያዘው ወረቀት የሚወርድበትን ጣቢያ ስም ይነግረው ነበር። «ተጓዡ የጉዞን ጥቅም ይረዳል» የሚል ቲኬት ተቆርጦ አያውቅም። ለአርባ ደቂቃ ጉዞ የተሰለፉ ልጆቻችንን ግን የምናሳፍራቸው በእንደዚህ ያለ ቲኬት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል።

አንደኛው ከመምህራን ወገን ነው። «መጽሐፍ ለሦስት እያዳረስን፣ ስልሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል አጭቀን፣ አንተ ስለ ግስ ታወራለህ?» የሚል ነው። እውነት አላቸው። ዕቅድ ለሱፐርቫይዘር ፊርማ ሲባል ብቻ የሚሞላ ቅጽ ከሆነ፣ ግሱ ቢጠብቅም ቢላላም ወረቀት ነው። የጠራ ዓላማ መጽሐፍ አይሆንም፤ ደመወዝም አይጨምርም። ነገር ግን ከጎደለን ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቀው ይህ አንዱ ነው። ስልሳ ልጅ ላለበት ክፍል ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ስልሳውን ሁሉ ማዳመጥ የማይችል መምህር ቢያንስ ምን እንደሚያዳምጥ ማወቅ አለበትና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከእኛ ከሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የሚመጣ ነው። «ግጥምን በሜትር ትለካለህን? የልብን መነካት በየትኛው ግስ ታስረዋለህ?» የሚል ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ሊቅ የነበረው ኤሊየት አይዝነርም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኪነ ጥበብ ትምህርት ውጤቱ ሁሉ አስቀድሞ ሊጻፍ አይችልም ብሎ ተከራክሯል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። አንድ ልጅ በሠላሳ ዓመቱ ከግጥም አንድ ስንኝ ትዝ ብሎት እንዲያለቅስ አቅጄ አላውቅም፤ ሊታቀድም አይገባውም። ይሁን እንጂ ዓላማ ጣራ ሳይሆን ደጃፍ ነው። «ተማሪዎች የሰምና ወርቅን ውበት ያደንቃሉ» ብለን ስንጽፍ ለውበቱ ያሰብን ይመስለናል። ኅብረ ቃሉ የት እንዳለ ያላየ ልጅ ምኑን ያደንቃል? መምህሩ አድንቅ ስላለው አንገቱን ይነቀንቃል እንጂ። «ተማሪዎች በተሰጣቸው ቅኔ ውስጥ ኅብረ ቃሉን ለይተው ሰሙንና ወርቁን ለየብቻ ይናገራሉ» ብንል ግን በሩን ከፈትንለት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አድናቆት የራሱ ነው፤ ለእርሱ እንተውለት።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ቃላት ብቻ ተጨንቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለያዩ ክልሎች፣ በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የሕፃናት የማንበብ ችሎታ ተፈትሾ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የውጤቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በዕቅድ ላይ አልጭንም። ግን እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። በየዕለቱ ዕቅድ ተጽፎላቸዋል፤ በየዕለቱም ዓላማው ተሳክቷል ተብሎ ተፈርሟል። ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ። «ያነባሉ» ብለን ጽፈን ቢሆን ኖሮ አለማንበባቸውን በመጀመሪያው ሳምንት በሰማነው ነበር። «ይረዳሉ» ስላልን ግን ዝምታቸው እንደ መረዳት ተቆጠረ።

ልል የፈለግሁት ይህን ነው፦ የላላ ግስ ገለልተኛ አይደለም፤ ወገን አለው። የሚያደላው ለመምህሩ ነው። ልጁ ሲወድቅ «ሰነፍ ነው፣ አይገባውም» ይባላል፤ ዕቅዱ ግን ንጹሕ ሆኖ በፋይል ውስጥ ይቀመጣል። የጠበቀ ግስ በአንጻሩ ቃል ኪዳን ነው። «ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ» ብሎ የጻፈ መምህር በመጀመሪያ ያሰረው ራሱን ነው። ልጁ ካልተናገረ ወይ ዕቅዱ፣ ወይ አካሄዱ፣ ወይ ሰዓቱ ይጠየቃል።

መምህራን የሆናችሁ አንባብያን፣ ነገ የምትይዙትን ዕቅድ አንድ ጊዜ አውጡና የመጨረሻዋን ቃል ብቻ አንብቡ። መምህራን ያልሆናችሁ ደግሞ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ከማለት «ዛሬ ምን ማድረግ ቻላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ዝምታ ከሆነ በልጁ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ።

ያቺ ባለ ቢጫ ጀሪካን ልጅ በዚያ በማግስቱ ቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ሦስተኛውን ጀምራ ማሰሪያው ጠፋባት፤ ጓደኛዋ ሹክ አለቻት። በዕቅዱ ግርጌ «አልተሟላም፤ ነገ ይቀጥላል» ብዬ ጻፍሁ። በመምህርነቴ ዘመን በእውነት የፈረምሁት የመጀመሪያው ዕቅድ እርሱ ነው።