ሻንጣው የት ይቀመጥ?

«በሚቀጥለው እረፍት ከጓደኞቼ ጋር እስከ ሐዋሳ በብስክሌት እንሄዳለን» የሚል ጎረምሳ ቤታችሁ ካለ፣ መቼም መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ መኪናው መንገድ አደገኛነት ነው፤ ተገቢም ነው። ቀጥላችሁ ግን «ዕቃህንስ በምን ልትይዝ ነው?» በሉት። «በጀርባ ቦርሳዬ» ካላችሁ ነገሩ ገና አልታሰበበትም። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጀማሪ ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጃል። የደብተር መያዣ ለዚህ አልተሰፋም።

ብስክሌት ላይ ሰው ወደ ፊት አጎንብሶ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ጀርባው ላይ ያለው 8 ኪሎ በመዳፉና በመቀመጫው ላይ ያርፋል፤ ከሰዓታት በኋላ ጣት ይደነዝዛል፣ ትከሻ ይቆረጣጠማል፣ ጀርባ በላብ ይርሳል። ይህ ሁሉ ይቻላል እንበል። የሚያሰጋው ሸክሙ ከፍ ብሎ መቀመጡ ነው። ከጎን ያለፈ የጭነት መኪና ነፋስ ሲገፋው፣ ወይም ጉድጓድ ለመሸሽ ድንገት ሲታጠፍ፣ ቦርሳው ልጁን ይዞ ያዘነብላል። ጃኬትና ምሳ ብቻ ይዞ ቢሾፍቱ ደርሶ ለመመለስ ግን የጀርባ ቦርሳ ምንም አይልም።

ለረጅም መንገድ እኔን ብትጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፤ ከኋላ ጎማ በላይ ጠንካራ የብረት ፖርቶመጋላ፣ በግራና በቀኙ ደግሞ ሁለት የጎን ቦርሳ። አህያ የሚጭን ገበሬ ምክንያቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ አንዱ ጎን ከከበደ ጭነቱ ይዞራል። ሁለቱን ቦርሳ በሚዛን አስተካክሉ፤ ከባዱን ዕቃ ከታች፣ ብርድ ልብሱን ከላይ አድርጉ። ቦርሳው ወደ ፊት ተጠግቶ ከተንጠለጠለ ግን ፔዳል ሲመታ ተረከዝ እየነካው ያስቸግራል። ሳትገዙ በፊት ብስክሌቱ ላይ ሰቅላችሁ ፔዳሉን አዙሩ።

ብዙ ፖርቶመጋላ ላይ የሚችለው ክብደት ተጽፎበታል፤ 25 ኪሎ የሚል ታገኛላችሁ። ያ ጣሪያው ነው እንጂ ግብዣ አይደለም። ከተሳፋሪውም ክብደት አብዛኛው የኋላው ጎማ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ ጭነቱ በበዛ ቁጥር መጀመሪያ የሚበጠሱት የዚያ ጎማ ሽቦዎች ናቸው። ፖርቶመጋላውን የያዙት ብሎኖች ደግሞ በመንገዱ ንዝረት ይላላሉ፤ ጠዋት ጠዋት ከመነሳት በፊት አጥብቋቸው፣ ትርፍ ሁለት ሦስትም ያዙ። የቦርሳው ማሰሪያ ተንጠልጥሎ ካቴና ውስጥ እንዳይገባም ተጠንቀቁ።

ዋጋው ካስደነገጣችሁ መንገድ አለ። ከወፍራም ሸራ የሚሰፋ ሰው ፈልጉና ልክ ሰጥታችሁ አሰፉ። አሮጌ ካላማዳሪ ተሰንጥቆ ከማንም የተሻለ የመወጠሪያ ገመድ ይሆናል። በሌሎች አገሮች ክዳን ያለውን ባዶ የቀለም ባልዲ ጎን ለጎን አስረው አገር የሚያቋርጡ አሉ፤ ውሃ አያስገባም፣ ማታ ደግሞ መቀመጫ ይሆናል። መልኩ ካላሳፈራችሁ መልካም ነው። ሸራ ከሆነ ውስጡን በፌስታል ጠቅልሉት፣ ዝናብ ሲመጣ ቦታ አይመርጥምና።

ሌላው አማራጭ ከኮርቻው ኋላ፣ ከፍሬሙ መሃልና ከመሪው ፊት የሚታሰሩት ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው። ፖርቶመጋላ አይፈልጉም፣ ለኮረኮንችም ይመቻሉ፤ ነገር ግን ብዙ አይዙም። ድንኳን፣ ምድጃና የሦስት ሰው ልብስ ይዞ ለሚሄድ አይበቁም።

ተጎታች ጋሪስ? ለቤተሰብ ያጓጓል። ከባድ ይሸከማል፣ የብስክሌቱን ጎማም ያሳርፋል። ሆኖም ባለ አንድ ጎማው እንኳ ባዶውን 6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቁልቁለት ላይም ከኋላ ይገፋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፣ ባቱ ግን 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ሲወርዱ ፍሬን ላይ የሚያርፈው፣ ሲመለሱ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ያው ኪሎ ነው። እኔ ለዚህ መንገድ አልመርጠውም።

ልጆች አብረው ካሉ የእነሱ ብስክሌት ላይ ከውሃና ከዝናብ ልብስ በስተቀር ምንም አትጫኑ፤ የቀረውን ወላጅ ይያዝ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ መንገዱ ላይ ከተማ ስለማይራራቅ የሁለት ቀን ውሃ መሸከም አያስፈልግም። ገንዘብ፣ መታወቂያና ስልክ ግን ከቦርሳው ውጭ፣ ሰውነታችሁ ላይ ይሁን።

ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ሙሉውን ጭናችሁ ሰፈር ውስጥ ካለ ቁልቁለት ውረዱና ፍሬን ያዙ። የተጫነ ብስክሌት ቆሞ ለመቅረት ከባዶው የበለጠ ርቀት ይፈልጋል፤ ምን ያህል እንደሆነ እጃችሁ ቀድሞ ይወቀው። መሪው ከተንቀጠቀጠ ጭነቱን ወደ ታችና ወደ ፊት አሸጋሽጉና ድገሙት። አሁንም ከተንቀጠቀጠ፣ ቤት ገብታችሁ ሁለተኛውን ጫማ አውጡ።