የልጃችሁ አጥሚት ውስጥ ስንት እህል አለ?

አጥሚቱ ወፈረ ማለት እህል በዝቶበታል ማለት አይደለም። ይህን በተለይ 6 ወር የሞላው ልጅ ያላችሁ ልብ በሉልኝ።

የገብስ ዱቄት ውስጥ ያለው ስታርች ፖሊመር፣ ማለትም ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ የሚያያይዛቸው የሃይድሮጅን ትስስር ይባላል፤ አንዱ ለብቻው ደካማ ነው፣ ብዙ ሲሆን ግን ይጠነክራል። ድስቱ 60 እና 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ትስስሩ ይላላና ውሃ ይገባል፤ ሰንሰለቶቹም በዚያው ዓይነት ትስስር ውሃውን ይይዙታል። ጥቂት ዱቄት ድስት ሙሉ ውሃ የሚያወፍረው ለዚህ ነው። (ያደረ እንጀራ የሚደርቀውም ሰንሰለቶቹ ሲቀዘቅዙ መልሰው እርስ በርስ ስለሚያያዙ ነው።)

ልጁ ወፍራሙን አልውጥ ሲል እናት ውሃ ትጨምራለች። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ በውሃ ይሞላና «ጠገበ» ይባላል። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ልጅ ግን ከጡት ወተት ሌላ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ከምግብ ማግኘት አለበት።

«አጥሚቱን አወፍሪው» ብሎ እናትን መሸኘት በቂ ምክር አይደለም ባይ ነኝ። ልጁ ካልዋጠው ምን ታድርግ? ግምጃ ቤትን በመሰለ የገብስ አገር መላው ቤት ውስጥ አለ፤ ለጠላ የሚዘጋጀው ብቅል። ብቅል ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል፤ አጭሩ ሰንሰለት ደግሞ አጥሚቱን ያን ያህል አያወፍርም። እህሉ ሳይቀንስ አጥሚቱ ይቀጥናል። ውድ የታሸገ ዱቄት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ዱቄቱን አብዝታችሁ ገንፎ እስኪመስል አብስሉ። አውርዱትና በረድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉ፤ እየፈላ ከጨመራችሁት ኢንዛይሙ ይበላሻል። በደቂቃዎች ውስጥ ሲቀጥን መልሳችሁ አፍሉት፤ ብቅል እርጥበት ውስጥ ስለሚቆይ ጀርም አያጣውም። የሻገተ ብቅል አትጠቀሙ። የማሽላ ብቅልም ለሕፃን አልመክርም፤ ቡቃያው ሳይናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለው።

ብቅል አጥሚቱን ያቀጥናል እንጂ ምግብ አይጨምርበትም፤ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም የተፈጨ ጥራጥሬ ጨምሩበት። ጡቱም አይቋረጥ። ወፍራም ገንፎ ከማንኪያ በደንብ የሚውጥ ልጅ ብቅል አያስፈልገውም። እየበላ ክብደቱ ካልጨመረ ግን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።