የንግድ ቤት ሲታደስ የከተማው መልክ አይጥፋ





በጥንታዊ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ያለው ነጋዴ ሁለት ወቀሳ ይጠብቀዋል። ቤቱን አፍርሶ በአዲስ መልክ ቢሠራው «ቅርስ አጠፋ» ይባላል፤ እንዳለ ቢተወው ደግሞ «ሰፈሩን አሳፈረ» ይባላል። በመካከሉ ግን ምን ማድረግ እንደሚገባው በግልጽ የሚነግረው ሰው አያገኝም። እኔ በበኩሌ የንግድ ቤት መለወጡ አይቀርም እላለሁ። ነገር ግን የትኛው ክፍል እንደሚለወጥና የትኛው እንደማይነካ ባለቤቱ ሲሚንቶ ከመግዛቱ በፊት በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል።

«በአሶሳ በኩል በጾሬ ተቀምጠህ ስለ ሐረርና ስለ ፒያሳ ሱቅ ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋ ይሆናል። ነገሩ ያገባኛል። በአዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአሶሳው ገዥ ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው። የአንዱ አገር ታሪክ በሌላው አገር ሰፈርና ግንብ ላይ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ አሶሳ በማደግ ላይ ያለች የክልል ከተማ ስለ ሆነች፥ ቀድመዋት ካረጁት ከተሞች ብትማር ይጠቅማታል እንጂ አይጎዳትም።

ስለዚህ አስቀድመን ሐረርን እንመልከት። በግንብ የታጠረው ጀጎል 48 ሄክታር ያህል ስፋት ሲኖረው፥ በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአድባራት ስፍራዎች እንዳሉ ተመዝግቧል። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ጀጎል ግን የጸሎት ስፍራ ብቻ ሳይሆን የገበያ ከተማም ነው። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የመጡት የሕንድ ነጋዴዎች የእንጨት በረንዳ ያላቸው ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ሠርተው ነበር። ይህ አሠራር በጊዜው እንግዳ ነገር ነበረ። ቢሆንም የሐረር ሰዎች ከእርሱ የሚወዱትን ወስደው ከራሳቸው ጋር አዋሐዱት፤ ዛሬ እነዚያው ቤቶች ከቅርሱ ተቈጥረዋል። እንግዲህ ቅርስ የለውጥ ጠላት አይደለም። ቁም ነገሩ ለውጡ ጠባቦቹን መተላለፊያዎችና የሰፈሩን ልክ አክብሮ መግባቱ ነው።

ጉዳት የሚመጣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። በድንጋይና በጭቃ የቆመ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን፥ በስንጥቅ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ከውስጥ ያበላሸዋል፤ ኖራ ግን ርጥበቱን እንዲተነፍስ ያደርጋል። ሰፊ የመስተዋት መስኮት ለማግባት ሲባል ፎቁን የተሸከመው ግድግዳ ይቈረጣል። የእንጨቱ በረንዳ ተነቅሎ በብሎኬት ይተካል። በመጨረሻም ቤቱ በማናቸውም ከተማ ከሚገኝ ሱቅ ጋር አንድ ዐይነት ይሆናል። ታዲያ ያን ለማየት እንግዳ ከሩቅ አገር ለምን ይመጣል? ነጋዴው ገበያውን ያሰፋ መስሎት ገበያውን የሚጠራለትን ነገር አፈረሰ ማለት አይደለምን?

ወደ አዲስ አበባ ብንመለስ፥ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። መንገዱና ንጽሕናው አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከዚያው ሰፈር ሌላ ምሳሌም አለን። በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው ጥንታዊ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቶ ነበር፤ ሆኖም ተጠግኖ እንግዶቹን መቀበሉን ቀጠለ። አሮጌ የንግድ ቤት ተጎድቶም ሳይፈርስ ሊያገለግል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ሕግም አልጠፋም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማናቸውም የቅርስ ጥገና በመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ እንዲካሄድ አዘዘ፤ ወጪውም ከባለቤቱ ዐቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ለመሸፈን እንዲችል መንገድ ከፈተ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ክልከላውን ነው፤ ርዳታውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ክልከላው ብቻ ሲነገረው ነጋዴው ወይ በሌሊት ያፈርሳል፥ ወይም ቤቱ በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ድረስ ይጠብቃል።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖችና ማዘጋጃ ቤቶች ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው።

አንደኛ፥ የተከለለው ስፍራ ወሰን በካርታ ተነሥቶ ለእያንዳንዱ ባለ ሱቅ ስለ ቤቱ አንድ ወረቀት ይሰጠው። ወረቀቱም የፊት ግድግዳው፥ በረንዳው፥ የቤቱ ቁመትና የጣሪያው ቅርጽ እንዳይነካ፥ በውስጥ ግን መደርደሪያውን፥ የውሃውን ቧንቧና የኤሌክትሪኩን መስመር እንደ ፈለገ እንዲያድስ በቀላል አማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ይንገረው። በተለይ እንጨት ለበዛበት ቤት የኤሌክትሪኩን መስመር ማደስ ቅንጦት ሳይሆን ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፥ የፈቃድ ጥያቄ በተወሰነ ቀን ውስጥ መልስ ያግኝ። የሱቅ ኪራይና የልጆች ቀለብ የመዝገብ ቤትን ቀጠሮ አይጠብቁም።

ሦስተኛ፥ ኖራና እንጨት ከሲሚንቶ የበለጠ ድካምና ባለሙያ ስለሚጠይቁ፥ በዚህ መንገድ ለሚያድስ ሰው የቤት ግብር ቅናሽ ይደረግለት፤ ወጣቶችም የኖራ ልስንና የአናጢነት ሙያ ይማሩ። ይህ ሲሆን ቅርሱ ራሱ የእንጀራ ምንጭ ይሆናል።

«ነጋዴ ትርፉን እንጂ ታሪክን አያስብም» የሚሉ አሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሰው ቤቱን የሚያፈርሰው ታሪክ ጠልቶ ሳይሆን፥ ቤቱን ይዞ ለመኖር የሚያስችለው ነገር ስላጣ ነው። የጥበቃው ሸክም በአንድ ባለ ሱቅ ጫንቃ ላይ ብቻ ከተጣለ ቅርሱ አይድንም፤ የሁላችን ነው ካልን ወጪውንም እንካፈለው።

እኛም በአሶሳ በኩል ያለን ሰዎች ነገ ሳይመሽ ዛሬ እናስብበት። በቀርከሃችን የሚሠራው ቤትና የቀደሙት የገበያ ሰፈሮች መልካቸው ሳይጠፋ፥ የሚጠበቀውን ለይቶ መመዝገብ ከፈረሰ በኋላ ከማዘን ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፤

አንድ አንባቢ
ከጾሬ (አሶሳ)