ባዝ የግማሽ ቀን ከተማ አይደለችም

ለንደን የሚኖር አንድ ዘመዴ፣ ለእንግዳ ደግነቱ የማይጠረጠር ሰው፣ «ባዝን ለማየት ምን ልፋት አለው?» አለኝ። «ጧት አውቶቡስ ትሳፈራለህ፤ ዊንድዘርን፣ ስቶንሄንጅን፣ ባዝን አይተህ ማታ ቤትህ ትገባለህ። ሦስት ቦታ በአንድ ቲኬት! ምን ይቀርሃል?»

ምን እንደሚቀረኝ ልናገር።

በመጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራው። ከለንደን ዊንድዘር 1 ሰዓት፣ ከዚያ ስቶንሄንጅ 1 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ ባዝ 1 ሰዓት፣ መመለሻው 2 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። መንገዱ ብቻ 6 ሰዓት ይፈጃል። ለባዝ የሚተርፈው ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሽንት ቤት ደርሶ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ያገራችን ሰው። የአውቶቡሱ ተሳፋሪ ግን ያፈሰሰውን የሚለቅምበት ፋታ እንኳ የለውም።

እኔ 4 ቀን ይሁን ባይ ነኝ። «ለአንዲት ትንሽ ከተማ 4 ቀን?» የሚል ካለ ቀኖቹን አንድ በአንድ ልቁጠርለት።

የመጀመሪያው ቀን ለእግር ነው። ከፓዲንግተን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዞ፣ ጓዝን ጥሎ መውጣት። ሮማውያን መታጠቢያ የሠሩበት ፍልውሃ ዛሬም 46 ዲግሪ ሙቀት ይዞ በቀን ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ ይፈልቃል። እዚያ ከተገኙት ነገሮች ሁሉ እኔን ያቆመኝ በእርሳስ ቅጠል ላይ የተጫሩት 130 ያህል የእርግማን ጽሑፎች ናቸው። ልብሱን የተሰረቀ ሰው ሌባውን ለፍልውሃዋ አምላክ ለሱሊስ ይከሳል፤ ትቅጣልኝ ይላል። ስለት ተስሎ ለሚያውቅ ሰው ይህ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ለማንበብ ግን ቆም ማለት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ቀን የእኛ ነው። ከከተማው ወደ ምዕራብ ወጣ ብሎ ፌርፊልድ የተባለው ቤት አለ። አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 ስደታቸውን ያሳለፉት እዚያ ነው። ነገሩን ምፀት የሚያደርገው፣ ጣሊያን ካገራቸው ያባረራቸው ንጉሥ የገዙት ቤት የጣሊያን ቪላ አሠራር የተከተለ መሆኑ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያሰናዱትም በዚያው በስደት ላይ ሳሉ ነው።

ግን እዚያ ሄዶ እንባ ማበስ ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1938 ንጉሡ አንድ የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት መክፈል የነበረበትን ገንዘብ ጠይቀው ለንደን ፍርድ ቤት ቆመው ነበር። መጀመሪያ ተፈረደላቸው። ይግባኙ ሳያልቅ የእንግሊዝ መንግሥት ለጣሊያን ወረራ ሕጋዊ እውቅና ሰጠ፤ በዚህም ገንዘቡ የጣሊያን ንጉሥ ነው ተብሎ ተረቱ። የተጠለሉበት አገር ሸንጎ አገራቸውን በወረቀት ለወራሪው አስረከበ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 ያንን ቤት ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡ። ይህን ሁሉ ሳያውቁ ግድግዳውን ተደግፎ ፎቶ መነሣት ምን ይረባል? ቤቱ በየቀኑ ለጎብኚ ክፍት አይደለም። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ መጀመሪያ የፌርፊልድን የመክፈቻ ቀን ይጠይቁ፤ ሌሎቹን ቀኖች በዚያ ዙሪያ ያቁሙ።

ሦስተኛው ቀን ለአንድ ጥያቄ ነው፤ ያ ሁሉ ማር የመሰለ ድንጋይ በማን ገንዘብ ተደረደረ? እ.ኤ.አ. ከ1767 እስከ 1774 የተሠሩትን የሮያል ክሬሰንት 30 ቤቶች አይቶ የማይደነቅ የለም። ከከተማው በላይ ላንስዳውን ኮረብታ ላይ ግን የዊሊያም ቤክፎርድ ግንብ ቆሟል። የሰውየው ሀብት ከጃማይካ የስኳር እርሻ፣ ከባሮች ጉልበት የተወረሰ ነው። በባቡር ሩብ ሰዓት ሄደው ብሪስቶል ሲደርሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሕዝብ ገንድሶ ወደብ ውስጥ የጣለው የባሪያ ነጋዴው ኮልስተን ሐውልት ሙዚየም ውስጥ ተጋድሞ ያገኙታል። ይህን የምለው እኛ ከባርነት ኃጢአት ንጹሕ ስለሆንን አይደለም፤ አልነበርንም። የራሱን ቁስል የሚያውቅ ሰው የሌላውን ጌጥ ብቻ አይቶ አይመለስም ለማለት ነው።

አራተኛው ቀን ለአካባቢው ነው። ወይ ዌልስ ካቴድራል፣ ወይ ብራድፎርድ ኦን ኤቨን፤ አንዱን ይምረጡ። ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚል ካለ ገና ከዘመዴ አውቶቡስ አልወረደም።

«ገንዘቡስ?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ባዝ ማደር ውድ ነው፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ። ሆኖም ብሪስቶል አድሮ መመላለስ ይቻላል። ዋናው ግን ሌላ ነው፤ ስድስት ከተማ ለመቁጠር የሚያወጡትን ለአንዷ ያውጡት። «ለመዝናናት እንጂ ታሪክ ልመረምር አልሄድኩም» ለሚለኝም መልስ አለኝ። በአውቶቡስ መስኮት እያንቀላፉ ስድስት ሰዓት መጓዝ ምኑ መዝናናት ነው?

አሁን ወደ ዘመዴ ቲኬት ልመለስ። ያ አውቶቡስ ጧት የሚቆምበት ዊንድዘር፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ በሕፃንነቱ ተወስዶ በ1879 በ18 ዓመቱ የሞተው ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረበት ነው። አጥንቱ ይመለስ ተብሎ ቢጠየቅ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አይሆንም ብሏል። ከሰዓት በኋላ የሚቆምበት ባዝ ደግሞ የስደተኛው ንጉሥ ከተማ ነው። እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ በአንድ ቀን በሁለቱ ደጃፍ ያልፋል፤ አስጎብኚው ሰዓቱን እያየ «ቶሎ በሉ» ስለሚል ሁለቱንም ሳያይ ይመለሳል፤ ማታም «እንግሊዝን አየሁ» ይላል።

ለዘመዴ ቲኬቱን መለስኩለት። ተቀይሟል። ወደፊት አብሮኝ ፌርፊልድ ቢሄድ ይታረቀኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።