በሰው አገር ዋሱ ወረቀት ነው

በአገራችን ልማድ አንድ እንግዳ ወደማያውቁት ሰፈር ሲመጣ «ማነው? የማን ልጅ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። የሚያውቀው ሰው ተነሥቶ «እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» ካለ ግን ነገሩ በዚያው ያልቃል፤ ቤትም ይከራያል፤ ሥራም ይቀጠራል። ለትምህርት ወደ አውሮፓ የሚሄድ ወጣት ይህንኑ ልማድ ተማምኖ ቢሄድ ገና በመጀመሪያው የባንክ መስኮት ይሰናከላል። በዚያ አገር ዋስ የሚሆነው ወረቀት ነውና።

ለምሳሌ ያህል ጀርመንን እንመልከት። ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ የትምህርት ርዳታ ወይም ሌላ ዋስትና ከሌለው፣ ቪዛ ለማግኘት የአንድ ዓመት መተዳደሪያውን አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ አለበት። እ. ኤ. አ. በ2024 ዓ. ም. የተወሰነው ልክ 11,904 ዩሮ ነው። ከዚህም በወር የሚለቀቅለት 992 ዩሮ ሲሆን፣ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በተማሪው ስም ወደ ተከፈተ ተራ ሒሳብ ነው። እንግዲህ ተራው ሒሳብ እስኪከፈት ድረስ ተማሪው ባለገንዘብ ሆኖ ሳለ የዳቦ መግዣ ሊያጣ ይችላል።

ሒሳብ ሊከፍት ሲሄድ የባንኩ ጸሐፊ የአድራሻ ምዝገባ ወረቀት እንዲያመጣ ይጠይቀዋል። በአገሩ ሕግ ማንም ሰው ቤት በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው መዝገብ ቤት መመዝገብ አለበት፤ ለመመዝገብም ቤቱን ያከራየው ሰው የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። አከራዩ ደግሞ ኪራዩ በባንክ እንዲተላለፍለት ስለሚፈልግ ሒሳብ የሌለውን ተከራይ ለመቀበል ያመነታል። ያለ ቤት ሒሳብ፣ ያለ ሒሳብም ቤት ማግኘት ጭንቅ ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ተማሪ የመስኮቱን መልስ እንደ ንቀት ቆጥሮ ተቀይሞ ይመለሳል። ሌላው ገንዘቡን በጓደኛው ሒሳብ ያስገባል። ይህ ግን ከሁሉ የከፋ ዘዴ ነው፤ በገንዘቡ ክርክር ቢነሣ በባንኩ ዘንድ የሚታወቀው ሒሳቡ በስሙ የተከፈተው ሰው ብቻ ስለ ሆነ፣ ገንዘብም ወዳጅነትም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ።

ከሁለቱም የሚሻለው ሕጉን ማወቅ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ. ኤ. አ. በ2014 ዓ. ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ጀርመን ከጁን 2016 ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር ሰው ሁሉ፣ ቋሚ አድራሻ ለሌለውና ጥገኝነት ለጠየቀውም ጭምር፣ «ባዚስኮንቶ» የተባለ መሠረታዊ ሒሳብ የማግኘት መብት ሰጥታለች። ማመልከቻው ተሟልቶ ከቀረበ ባንኩ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። እምቢ ቢል ምክንያቱን በጽሑፍ ይገልጻል፤ አመልካቹም ባፊን ለተባለው የባንኮች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። ሒሳቡ አገልግሎቱን ሊያስከፍል ይችላል፤ ከተቀመጠው በላይ ለማውጣትም አይፈቅድም፤ ነገር ግን ደመወዝ ለመቀበልና ኪራይ ለመክፈል ይበቃል። ማመልከቻውን በስሙ ጠርቶ የሚጠይቅ ተማሪ ሕግ አስከባሪ እንጂ ለማኝ አይደለም።

ይህ ነገር ወደ ውጭ አገር የሚሄደውን ብቻ የሚመለከት አይምሰለን። ከገጠር አዲስ አበባ የገባ ሰው መታወቂያ ፈልጎ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲሄድ «መሸኛ አምጣ» ይባላል፤ መሸኛው ደግሞ ያለው ትቶት በመጣው ወረዳ ነው። በባንክም ሆነ በሌላ መሥሪያ ቤት መታወቂያ የሌለው ሰው ምን ያህል እንደሚንገላታ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጥነው ወጣት ሠራተኞች እናውቃለን።

ደንብ መጠበቅ ግዴታችን ነው። ይሁንና ባለጉዳዩን «ነገ ና» ብሎ መመለስ ደንብ መጠበቅ አይደለም። የጎደለውን ወረቀት፣ የሚያገኝበትን ቦታና አቤት የሚልበትን መሥሪያ ቤት ጽፈን ብንሰጠው እኛን የሚያስወጣን አንድ ብጣሽ ወረቀት ነው፤ እርሱን ግን የብዙ ቀን ምልልስ ያድነዋል።