ሐናን አትንቀፏት

ወጣቶች ሆይ፣ አንዲት እህት ተከዜ ቆላ ወርዳ ወባ ቢይዛትና ክኒን ብትውጥ፣ እምነት የላትም የሚላት አለ? ታዲያ ልጅ አጥታ ሐኪም ቤት ስትሄድ «መጸለይ አቃታት» የምንለው ለምንድን ነው?

«የሴት እንቁላል በላቦራቶሪ ማጎልመስ በፈጣሪ ሥራ መግባት ነው» የሚሉ አሉ። ከመፍረድ በፊት ሥራውን እንወቅ። ሐኪሙ ገና ያልጎለመሰ እንቁላል በመርፌ ያወጣል፤ እንቁላሉ በተዘጋጀ ፈሳሽ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ይጎለምሳል። ይህም ብዙ የሆርሞን መርፌ የሚያሰጋቸውን ሴቶች ይረዳል። እስከዚህ ድረስ የወንድ ዘር አልነካውም፤ ፅንስም የለም። ስለዚህ «ነፍስ ማጥፋት ነው» የሚለው ክስ እዚህ ቦታ የለውም። ክርስቲያን አጥብቆ መጠየቅ ያለበት ከዚያ በኋላ ስላለው ነው፦ ስንት ፅንስ ይፈጠራል? የተረፈውስ ምን ይሆናል? ባልና ሚስት ይህን ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁ።

በአገራችንም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተከፍቷል። ከሰቆጣ ግን መንገዱ ሩቅ፣ ወጪውም ከባድ ነው። ከመንገዱ የሚከብደው ግን የእኛ ሐሜት ነው። ችግሩ ከባልየው ሊሆን ሲችል፣ «መካን» የሚለው ስም የሚለጠፈው በሴቲቱ ላይ ብቻ ነው።

ፍናና ሐናን አስለቀሰቻት፤ ካህኑ ዔሊም ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ሁለቱም የተሳሳቱት በእግዚአብሔር ቤት ሆነው ነው። እኛስ? ጸልዩላት፤ ለሠርግ እንደምታዋጡ ሁሉ ለመሳፈሪያዋም አዋጡ። ሳትወልድ ብትመለስም በመካከላችሁ ያላት ቦታ አይጉደል።